የቆየ የግራሚ ሽልማት ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ምን ይደረግ?

መዝገብ_ጠባቂ፦ ሰላም ወገኖች። የአንድ ጃዝ ሙዚቀኛ የግራሚ ሽልማት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ። ግራሞፎኑ ወርቅ ቅብ፣ መቀመጫው እንጨት። ቀንዱ ከአንገቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ በስም ሰሌዳው ፊደላት ውስጥም ነጭ ነገር አለ። የሚቀመጠው በቺፑድ መሳቢያ ነው። ይጽዳ? የመዝገብ ቁጥሩስ የት ይጻፍ?

የብረት_ነገር፦ ሁለቱን ነጮች አንድ አታድርጓቸው። በፊደላቱ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ መወልወያ ቅሪት ነው፤ ደርቆ የቀረ፣ የማይጨምር። በማጉያ መነጽር እያያችሁ በተሳለ የእንጨት ስንጥር በደረቁ አንሱት። መወልወያ ግን ድጋሚ እንዳይነካው! ወርቁ እጅግ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ ውልወላ ይቀንሰዋል፣ የተቀረጸውንም ስም ያደበዝዛል።

የአንገቱ ግን ዝገት ነው። ወርቅ አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥሩ ያለው የዚንክ ወይም የእርሳስ ቅይጥ ነው፣ አየር የሚያገኘውም ቅቡ በተሰነጠቀበት በኩል። የቀድሞዎቹ ሽልማቶች ቀንዳቸው በቀላሉ ይሰበር ነበር፤ የግራሚ ሽልማት ሠሪው ጆን ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1991 ቅርጹን አሳድጎ በጠንካራ የዚንክ ቅይጥ የሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስታነሡት በሁለት እጅ፣ ከመቀመጫው ሥር። በቀንዱ በፍጹም።

ሰናይት_መ፦ ጥፋተኛው መሳቢያው ነው። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና የኦክ እንጨት አሴቲክ አሲድ ይተፋሉ (የኮምጣጤው አሲድ)፤ በተዘጋ ቦታ ተጠራቅሞ እርሳስን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ሳታወጡት ብታጸዱት ተመልሶ ይመጣል። የእርሳስ ዱቄት መርዝ ስለሆነ ከመንካታችሁ በፊት የኒትሪል ጓንትና የአፍንጫ ጭንብል አድርጉ። ፎቶ አንሡት፣ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ እርጥብ ወረቀት ላይ አራግፉ፣ ወረቀቱን በላስቲክ አሽጋችሁ ለይታችሁ አስወግዱ። ዕቃው ራሱ ውሃ አይንካው፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ዝገቱን ያብሳል።

ከዚያ ቀለም በተቀባ የብረት መደርደሪያ፣ በፖሊኢታይሊን ፎም ላይ፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ሳጥን። እርጥበቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ ይሁን። ለብረቱ ብቻ ቢሆን ከዚያም ዝቅ ቢል ይሻል ነበር፣ ግን እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሲሊካ ጄሉን (እርጥበት የሚመጥና የሚመልስ ፍሬ) በዚሁ የእርጥበት መጠን አዘጋጅታችሁ አስገቡ፤ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጄል መቀመጫውን ይጎዳል።

ቁጥር_ጻፊ፦ ቁጥሩ ወርቁ ላይ አይጻፍም። ከመቀመጫው ሥር ፓራሎይድ ቢ-72 (በኋላ ሊነሣ የሚችል ግልጽ ሙጫ) በአሴቶን ሟሙቶ በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅ በቀለም ይጻፋል፣ ከላዩ ሌላ ስስ ንብርብር። መጀመሪያ ጥግ ላይ በጥጥ ሞክሩ፦ አሴቶን የእንጨቱን ቫርኒሽ ካነሣ ተዉትና በነጭ የጥጥ ክር ካርድ እሰሩ። ላስቲክ ማሰሪያ ግን አይሆንም፣ ድኝ አለበት።

ሪባን ያለው ኒሻን ካላችሁ ደግሞ (የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን መሸለሙን ልብ ይሏል) ከዚህ ጋር በአንድ ሳጥን አታስገቡት፤ ሐር 50 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይወዳል፣ ብርሃን ደግሞ ያነጣዋል።

መዝገብ_ጠባቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የመቀመጫው ሥር በፈልት ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ይነሣ?

ሰናይት_መ፦ አይነሣ፤ የዕቃው አካል ነው። ቁጥሩን በክር በሚታሰረው ካርድ ላይ ጻፉት። የሱፍ ፈልት ድኝ ስላለው ብር የሆነ ነገር አጠገቡ እንዳይቀመጥ ብቻ።