የሚታጠፈው የጀልባ መሪ አስቸገረኝ፤ ሐዋሳ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አራት ሜትር ገደማ የምትሆን አሮጌ የሸራ ጀልባ እጄ ገብታለች። አካሏ ደህና ነው፣ ሸራውም ይሠራል። ጣጣው መሪው ላይ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ መሬት ሲነካ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነሳው ዓይነት ነው። የሐይቃችን ዳር ቄጠማና ጭቃ ስለሆነ ደግሞ ያለሱ መጠጋት አይታሰብም። አሁን ግን እንጨቱ ብሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ጠቁሮ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፣ ግራና ቀኝ በያዙት በሁለቱ የአሉሚኒየም ጉንጮች መሃል ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሰሌዳውን የሚያወርዱትና የሚያነሱት ገመዶች ከነጭራሹ የሉም። ለጊዜው ከዓሣ አጥማጆች ባገኘሁት የናይለን ሲባጎ አስሬው ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መሪውን የማዞርበት እጀታ ክንድ ይገነጥላል! በሁለት እጄ ይዣት እንኳን ወደ ነፋሱ ካልዞርኩ ትላለች። አዲስ ሰሌዳ ላሠራ ወይስ ይታደሳል? ገመዱስ በየት በየት ነው የሚሄደው?

ሸራ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ከእንጨቱ በፊት ስለ እጀታው እናውራ። ጀልባዋ ስትሄድ ጎንበስ በልና ሰሌዳውን እይ። እስከ መጨረሻው ካልወረደ፣ ትንሽም ብትሆን ወደ ኋላ ካዘነበለ፣ ምክንያትህ እሱ ነው። መሪው የሚዞረው ጀልባዋ ጀርባ ላይ ባሉት ማንጠልጠያዎች መስመር ነው። ሰሌዳው ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ውሃው የሚገፋው ከዚያ መስመር ርቆ ስለሚሆን ጭነቱ ሁሉ ክንድህ ላይ ያርፋል። የአንተ ሲባጎ ናይለን ነው፤ ናይለን ደግሞ ይለጠጣል፣ ሲርስ ይብሳል። እንጨቱ በራሱ መንሳፈፍ ይፈልጋል፣ ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ይገፋዋል፣ ታዲያ ለምን አይነሳ?

ስለዚህ የማይለጠጥ የፖሊስተር ገመድ ፈልግ። ማውረጃው ከብሎኑ ዝቅ ብሎ ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ ይነሳል፣ በጉንጮቹ ፊት በኩል ወደ ላይ ወጥቶ እጀታው ላይ በምትገጥማት መቆንጠጫ (ገመዱን ነክሳ በምትይዝ) ይታሰራል። ማንሻው ከኋላ ጠርዙ ይነሳና በመሪው ራስ ላይ አልፎ ወደ እጀታው ይመጣል። ሁለቱን በቀለም ለያቸው፣ ውሃ ላይ ሆነህ የቱ የቱ ነው እያልክ አትደናበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሸራውን ከልክ በላይ ከሳብከው ወይም ጀልባዋ በጎኗ በጣም ካዘመመች መሪው ምንም ቢታደስ ወደ ነፋሱ መዞሯ አይቀርም። ያኔ ሸራውን ላላ አድርግ።

ከአሞራ ገደል፦
ሸራ ወዳጅ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ማውረጃውን በማይለጠጥ ገመድ ጥርቅም አድርጎ ያሰረ ሰው ድንጋይ ሲመታ ምን ይሆናል? መሪው መታጠፉ ቀረ ማለት ነው እኮ! ወይ ሰሌዳው ይሰበራል ወይ ማንጠልጠያው ከጀልባዋ ይነቀላል። ብዙ ሰው ከመነዳሪ ቆርጦ እንደ ላስቲክ ያስርበታል። ላስቲኩ ለዳር ዳር ጉዞ ደህና ነው፣ ነፋስ ሲጠነክር ግን ሰሌዳው ቀስ እያለ ይነሳና ያው የእጀታው ጣጣ ይመለሳል። እኔ የምመርጠው ጠንካራውን ገመድ ሆኖ ጫፉ ላይ ግን ቀጭን ክር ማስገባት ነው። ክሯ አጭር ትሁን፣ ያን ጊዜ መለጠጧ አያሳስብም። ከባድ ነገር ሲመታ እንደ ፊውዝ እሷ ትበጠስና ሌላው ይተርፋል። የተረፈ ክር ኪስህ ውስጥ ይኑር። ጫና ሲበዛበት ራሱ የሚለቅ መቆንጠጫም አለ፣ ውጭ አገር የሚመላለስ ዘመድ ካለህ አስመጣው።

ደግሞ መረብ ወይም ሣር ሲይዝህ አትታገል፣ ሰሌዳውን አንሳና መልሰህ አውርደው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው ሲቀደድ ልክ ናቸው ቢቆጡህ።

ቶርኖ አዳማ፦
እኔ አዳማ ነኝ፣ በሸራ ጀልባ ሄጄ አላውቅም፣ ብሎንና ቀዳዳ ግን ሥራዬ ነው። መበስበሱ ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ሰሌዳውን አትጣለው። መጀመሪያ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ (ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ሙጫ) ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው። የሚፈረፈረውን ጠርገህ አውጣ፣ ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በአንድ በኩል በፕላስተር ድፈነው፣ ከዚያ ኢፖክሲውን በደቃቅ ሰጋቱራ አወፍረህ ሙላው። ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ብሳ። አሁን ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም፣ ውሃም መግቢያ አያገኝም። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን፣ ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ በራሱ የማይፈታው። ለሚወዛወዘው ደግሞ ከቢጫው የዘይት ጀሪካን ክብ ክብ ሮንዴላ ቆርጠህ በሰሌዳውና በጉንጮቹ መሃል ግራና ቀኝ አስገባ። ጥብቅ ግን አታድርገው፤ በእጅህ ስትገፋው ያለ ችግር መታጠፍ አለበት።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ አናጺ ግን «ተወው፣ ከዋንዛ አዲስ ልሥራልህ» እያለኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሸራ ወዳጅ፦
ከአንድ ወፍራም ሳንቃ ከሆነ ይቅርብህ፣ ይጣመማል። ቀጫጭን ቁራጮችን የጭረቱን አቅጣጫ እያገላበጠ በኢፖክሲ ካጣበቃቸው ግን ዋንዛ ጥሩ ነው። የፊት ጠርዙ ክብ፣ የኋላው ቀጠን ያለ ይሁን፤ እንደ ቢላ ግን አይሳል፣ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይቅርለት፣ አለበለዚያ መጀመሪያ ሲነካ ይሸረፋል። ለማንኛውም የቶርኖን መንገድ አስቀድም፣ ርካሹ እሱ ነው።

ከአሞራ ገደል፦
ማንጠልጠያውንም እይ። የታችኛው ፒን ከላይኛው ረዘም ካለ ውሃ ላይ ሆነህ መሪውን ስትሰካ መጀመሪያ እሱን አግኝተህ ከዚያ ላይኛውን ታስገባለህ። እኩል ከሆኑ ማዕበል ላይ አበሳህን ታያለህ። መሪው እንዳይወልቅ መያዣም አድርግለት፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ ተንሳፎ ይሄድብሃል።

ቶርኖ አዳማ፦
ሲያልቅ ላዩን ቫርኒሽ ወይም ቀለም አትርሳ። ኢፖክሲ ውሃ ይችላል፣ ፀሐይ ግን አይችልም።