ዘጋቢ ፊልም ላይ ፕሮፓጋንዳን በምን ትለያላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አንድ ዘጋቢ ፊልም አይቼ ስጨርስ በጣም ተናደድኩ፣ ግን ለምን ሲሉኝ አንድም ማስረጃ መጥቀስ አልቻልኩም። ፕሮፓጋንዳ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ድምፁን አጥፍተህ ድገመው፤ ያናደደህ ሙዚቃው ወይም የምስሉ አቆራረጥ (ኤዲቲንግ) ሊሆን ይችላል። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያንኑ የተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አያይዞ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ረሃብም ሐዘንም አየበት ይባላል። ፊቱ ግን ያው ነበር። የኤዲቲንግ ጉልበት ይሄ ነው።

መልስ፦ ሙዚቃና ኤዲቲንግማ ሁሉም ፊልም አለው፣ እሱ ብቻ አይበቃም። እኔ ማን እንዳልተናገረ ነው የማየው። የሚወቀሰው ወገን ድምፁ ከሌለ፣ ገንዘብ የሰጠውም ከነገሩ የሚጠቀም ከሆነ እጠረጥራለሁ።

መልስ፦ እውነተኛ ምስልም ፕሮፓጋንዳ ይሆናል እኮ! የድሮ ቪዲዮ የዛሬ ግጭት ተብሎ ስንቴ ዞሯል። ስክሪንሹት አንሱና ምስሉን ራሱን ኢንተርኔት ላይ የምስል መፈለጊያ ውስጥ አስገብታችሁ መጀመሪያ የት እንደወጣ ፈልጉ።