የለገዳዲን ውሃ ከጎርፍ ለመጠበቅ ማን ይክፈል?

አወያይ፦ ለገዳዲ ግድብ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ጎርፉ የሚወርድበት ተፋሰስ ግን ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ አካባቢውም በቤት እየተሞላ ነው። ጎርፉ የሚያመጣውን ቆሻሻ ለመቆጣጠር አዲስ አበቤው በየወሩ የውሃ ሒሳቡ ላይ ጭማሪ ይክፈል ወይ? ስድብ የለም። ፖለቲካም በልኩ።

የሲኤምሲዋ፦ እኔ አልከፍልም። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት እየቀዳሁ ጭማሪ? ማጣሪያ ጣቢያ አለ አይደል እንዴ! ያጣራ።

ላብራቶሪ፦ እህቴ፣ ማጣራቱ ራሱ ነው እኮ የሚያስወጣሽ። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው። ደቃቁ ጭቃ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ በራሱ አይዘቅጥም። ለገዳዲ ሻይ በወተት የሚመስለው ለዚህ ነው። እንዲዘቅጥ አሉም የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ጎርፉ በከበደ ቁጥር አሉሙም ወጪውም ይጨምራል። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ደግሞ ፎስፈረሱን ከጭቃው ጋር ይዞ ይገባል፤ አልጌ የሚቀልበው እሱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

የሰንዳፋ ልጅ፦ «ከሥሩ» ያልከው እኛን፣ ተፋሰሱ ውስጥ የምንኖረውን ነው ማለት ነው። እናንተ ውሃውን ጠጡ፣ እኛ ክልከላውን እንጠጣ? በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሰንዳፋ ሲደፋ የት ነበራችሁ? ገበሬው ተቃውሞ ነው በወራት ውስጥ ያስቆመው። «አረንጓዴ ቦታ» ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው ቤቱን ነው። በ2011 ለገጣፎ ላይ ቤት ሲፈርስ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ኢንጂነሩ፦ ማንም አፍርሱ አላለም። ኒው ዮርክ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከተፋሰሱ ነዋሪዎች ጋር ተስማማ። ከተማው ለገበሬው እየከፈለ በረቱን፣ እበቱን፣ የወንዝ ዳሩን አስተካከለ። እኛ ምን ያግደናል?

ላብራቶሪ፦ ኢንጂነር፣ እዚያ ላይ ልዩነት አለ። ኒው ዮርክ የከፈለው ትልቅ ማጣሪያ ከመሥራት ለመዳን ነው። እኛ ብንከፍልም ባንከፍልም እናጣራለን። ስለዚህ ትርፉ ያን ያህል አይሆንም። የደለልና የአሉም ወጪ ቀንሶ ግን እናየዋለን፤ የሚለካ ሰው ካለ።

የሲኤምሲዋ፦ አሁን አይለካም?

ላብራቶሪ፦ ናሙና ይወሰዳል። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። በጸሐይ ቀን ከግድቡ መሀል የተቀዳ ጠርሙስ ስለ ጎርፍ ምንም አይነግርሽም። ዋናው ጉድ የሚመጣው ሰኔ ላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጋር ነው። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው የጋራዥ ዘይት፣ የሞላ ሽንት ቤት፣ ፌስታሉ ሁሉ ባንድ ከሰዓት ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጅረቱ ምንም እንዳልሆነ ይመስላል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጅረቱ ዳር ቋሚ እንጨት ትተክያለሽ፤ ጠርሙሶች ደረጃ በደረጃ ታስሪያለሽ። ክዳናቸው ላይ ሁለት ቀጭን የታጠፉ ቱቦዎች አሉ፣ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ አንዱ አየር ያስወጣል። ውሃው ከፍ ሲል ራሳቸው ይሞላሉ። ጠዋት ሄዶ መሰብሰብ ነው።

የሰንዳፋ ልጅ፦ ይሰብስበው እንግዲህ የአካባቢው ልጅ፣ በደመወዝ። ሌላም አለ። ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና በርካሽ ይምጣልን። ጉድጓዱ ሲሞላ ሰው ምን ያድርግ? ክረምት ጠብቆ ይለቀዋል፤ ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ለእርከንና ለወንዝ ዳር ሣር መሬቱን ለሚለቅ ገበሬም የምርቱ ይከፈለው። ያኔ እኔ ራሴ ዘብ እቆማለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ናሙናውን ባለሙያ ካልሰበሰበው ውጤቱን ማን ያምነዋል?

የሰንዳፋ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዝናቡ ሌሊት ሲጥል ባለሙያው አዲስ አበባ ተኝቷል። እኛ ግን እዚያው ነን።

ላብራቶሪ፦ እውነቱን ነው። ጠርሙስ ማንሳት በአንድ ቀን የሚሠለጠን ነገር ነው። ምርመራው ቤተ ሙከራ ይሁን።

የሲኤምሲዋ፦ እሺ፣ ሁለት ነገር ካሟላችሁ እከፍላለሁ። ገንዘቡ ለብቻው ሒሳብ ይከፈትለት። የእያንዳንዱ ጅረት ውጤት በየወሩ ይለጠፍ፣ መጥፎም ቢሆን። ሒሳቡን ግን ማን ይፈርምበታል?

የሰንዳፋ ልጅ፦ ከሁለቱም ወገን።

ኢንጂነሩ፦ ሁለት አስተዳደር አንድ ቼክ ላይ ሲፈርም አይቼ አላውቅም።

ላብራቶሪ፦ ፊርማው ይቆይ። እንጨቱ ግንቦት ላይ ካልተተከለ የሰኔው ጎርፍ እንዳለፈ ነው የሚቆጠረው።