ክርክር፦ መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ የአምላክ ስም ይመለስ ወይስ «እግዚአብሔር» ይበቃናል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሬም የሐረርም ሰው እዚህ ስላለ ነው የማነሳው። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ እናቴ በረንዳ ላይ ቡና አፈላች። ጎረቤታችን ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ መጣች። እናቴ የ1954ቱን አማርኛ ይዛለች። «እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር አነበብን። እናቴ «እግዚአብሔር» ብላ ጀመረች፣ ጎረቤታችን «ዋቃዮ» ብላ። ቀጥለን ዘፍጥረት 1፥1ን ገለጥን። እናቴ አሁንም «እግዚአብሔር» አለች። ጎረቤታችን ግን «ዋቅኒ» አለች፤ «ዋቃ» ማለት ነው።

«የእናንተ ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳት። «የእናንተስ ለምን አንድ ሆነ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። ዕብራይስጡ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዘፍጥረት 1፥1 ላይ ያለው «ኤሎሂም» ነው፤ አምላክ ማለት ነው። መዝሙሩ ላይ ያለው ግን በአራት ፊደል የሚጻፍ የራሱ የአምላክ ስም ነው፤ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ይህ ስም በብሉይ ኪዳን ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል። ኦሮምኛው ሁለቱን ለይቶ አስቀመጠ። የእኛው በአብዛኛው ሁለቱንም «እግዚአብሔር» ብሎ አለፈ።

ዘፀአት 6፥3 ላይ ደግሞ አምላክ ለሙሴ ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ሲነግረው «ስሜ እግዚአብሔር አልታወቀላቸውም ነበር» ይላል። ግን ዘፍጥረት ላይ አብርሃም ራሱ «እግዚአብሔር» እያለ ይጠራዋል! አንባቢ ግራ ቢገባው ይፈረድበታል? እኔ በበኩሌ ስሙ ይመለስ ባይ ነኝ። «ያህዌ» ተብሎ፣ በየቦታው። እናንተስ?

መምህር ዘሐረር፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መደምደሚያህ ግን ቸኮለ።

መጀመሪያ ከመጨረሻው ልጀምር። የዘፀአት 6፥3 እንቆቅልሽ የአማርኛው ጥፋት አይደለም። ዕብራይስጡም ላይ አብርሃም በዚያው ባለ አራት ፊደል ስም ይጠራዋል፤ ዘፍጥረት 15፥2ን ተመልከት። ሊቃውንት በዚህ ጥቅስ ስንት ዘመን የተከራከሩት ለዚህ ነው። ስሙን ብትመልሰውም እንቆቅልሹ አይፈታም።

ሁለተኛ፣ «እግዚአብሔር»ን እንደ ዘመን አመጣሽ አትየው። «እግዚእ» ጌታ ነው። «ብሔር» አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው። የዓለም ጌታ ማለት ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ «እግዚአ ሰማይ» ይላል፤ የሰማይ ጌታ። ቃሉ የዚያ ቤተሰብ ነው። አባቶቻችን ብሉይን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በዚያ ስም ቦታ «ኪርዮስ» ይላል፤ ጌታ። በሰሙነ ሕማማት «ኪርያላይሶን» እያልን ስንሰግድ በዚያው ቃል ነው የምንማለደው። እንግዲህ ማን ደበቀው? እጃቸው ላይ የደረሰው ያ ነበር፤ በታማኝነት ተረጎሙት።

የገንደቆሬ ወንድም፦
መምህር፣ ይቅርታና እኔ የይሖዋ ምሥክር ነኝ። ስለዚህ የት እንደቆምኩ ታውቃላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጌታ ማዕረግ ነው። አምላክም ማዕረግ ነው። አባቴን «ጋሼ» እያልኩ ላድግ እችላለሁ፤ ስም የለውም ማለት ግን አይደለም።

ያ ስም ደግሞ የካህናት ምሥጢር ብቻ አልነበረም። ሩት 2፥4ን አንብቡ። ቦዔዝ እርሻው ላይ ደርሶ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላቸዋል። እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላሉ። ዕብራይስጡ ላይ ሁለቱም ቦታ ያ ስም ነው። በመከር ሜዳ ላይ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ሰላምታ የሚሰጣጡበት ስም! ጠላት እንኳ ያውቀው ነበር። በ1868 በአውሮፓ አቆጣጠር የተገኘው የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ድንጋይ ላይ ስሙ ተቀርጾ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 9ኛው ክፍለ ዘመን ነው እሱ። ታዲያ ጠላት የጻፈውን እኛ ለምን እንፈራለን?

መምህር ዘሐረር፦
አንፈራም። እንዴት እንደሚነበብ ግን እርግጠኛ ሆነህ ትነግረኛለህ?

ለማያውቁት ላስረዳ። የእኛ ፊደል ድምፁን ይዞ ነው የሚወለደው፤ ሀ ሁ ሂ ሃ። የጥንቱ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ግን አናባቢ የለውም። ሁሉን በሳድስ ብቻ የምንጽፍ ቢሆን ኖሮ አስበው። «ስልም» ብዬ ብጽፍልህ «ሰላም» ነው ወይስ «ሰለመ»? የምታውቀው ከሰማኸው ብቻ ነው። ያ ስምም «ይህውህ» ተብሎ ነው የተጻፈው። አይሁድ ደግሞ በአክብሮት መጥራቱን ተዉት። ሲያነቡ «አዶናይ» ይላሉ፤ ጌታዬ ማለት ነው። ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን በቤተ መቅደስ ይጠራው ነበር። ቤተ መቅደሱ ግን በ70 ዓ.ም. ፈረሰ። ኋላ ማሶሬቶች የሚባሉት ጸሐፍት አናባቢ ምልክት ሲያበጁ፣ በዚያ ስም ፊደላት ላይ የ«አዶናይ»ን አናባቢ አደረጉበት። «አዶናይ በል» ለማለት ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ ሁለቱን ደባልቆ ሲያነበው «ይሖዋ» የሚለው ወጣ። «ያህዌ» የሚለው የተሻለ ግምት ነው። ያም ቢሆን ግምት ነው።

የገንደቆሬ ወንድም፦
ልክ ነው፣ አልክድም። ግን መምህር፣ «ኢየሱስ» ስንልስ? እናቱ በዕብራይስጥ ወይም በአራማይክ የጠራችው እንደዚያ አይደለም። በግሪክ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን። ድምፁ አንድ ዓይነት ስላልሆነ «ኢየሱስ» ማለትን ትተን «ጌታ» ብቻ እንበል የሚል ሰው አለ? ኤርምያስንስ በኤርምያስነቱ አልተቀበልነውም? በየቋንቋው ስም ይለወጣል። ይጠፋል ማለት ግን አይደለም።

የከዚራ ልጅ፦
ይሄ ከባድ መልስ ነው አቦ። እኔ ለዚህ መልስ የለኝም።

የለገሀሬ አዛውንት፦
እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ ካቶሊክ። የምናገረው የሰማሁትን ነው። በልጅነቴ ድሬ ላይ ፈረንሳይኛ የማይሞክር የባቡር ቤተሰብ አልነበረም። ቤታችን ሁለት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። አንዱ የፕሮቴስታንት ነው፤ በዚያ ስም ቦታ «ሌተርኔል» ይላል፣ ዘለዓለማዊው ማለት ነው። ሌላው በ1956 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የኢየሩሳሌም የሚባለው ነው፤ እሱ ቁልጭ አድርጎ «ያቬ» ብሎ ያስቀምጣል። አባቴ የሚያነበው ሁለተኛውን ነበር። እኛም ለምደነው ነበር።

በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ከቫቲካን መመሪያ ወጣ። በቅዳሴ፣ በመዝሙርና በጸሎት ላይ ያ ስም አይጠራ፤ «ጌታ» ይባል ተባለ። ምክንያቱ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፤ ለአይሁድ ልማድም አክብሮት ነው። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ይመስለኛል። ቤት ውስጥ አጥንተህ ማንበብ አንድ ነገር ነው። ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲጸልይ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አማርኛችን ለትልቅ ሰው «አንቱ» ይላል። እኛ ድሬዎች እንኳ እሱን ብዙ አናውቅበትም፤ ሌላው አገር ግን ይላል። ሆኖም የትም ብትሄዱ እግዚአብሔርን «አንቱ» ብሎ የሚጸልይ የለም። «አንተ» ነው የሚባለው። ስሙን አልጠራንም ተብሎ ርቀናል ማለት አይደለም።

የሳቢያን እህት፦
እኔ ደግሞ ነገሩን ከንባብ በኩል ልንገራችሁ። አዲሱ መደበኛ ትርጉም የሚባለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሃል ላይ ለመሆን ሞክሯል። ዘፍጥረት 1፥1 ላይ «እግዚአብሔር» ብሎ አጠገቡ በቅንፍ «ኤሎሂም» ይላል። ምዕራፍ 2፥4 ላይ «እግዚአብሔር አምላክ» ብሎ በቅንፍ «ያህዌ ኤሎሂም» ይላል። ለሚያጠና ሰው ወርቅ ነው። ግን በቤት ለቤት ኅብረታችን ጮክ ብለን ስናነብ አስቸገረን። አንዷ ቅንፉን ታነባለች፣ አንዱ ይዘለዋል። አንድ ቀን አንድ ልጅ «እግዚአብሔር ኤሎሂም» ብሎ እንደ አባት ስም አያይዞ አነበበው። ማንም አልሳቀም፤ ሁላችንም ዝም አልን። ልጁ ምን ያድርግ? ቅንፍ የዓይን ነው፣ የጆሮ አይደለም።

ኦሮምኛው ላይ እኔ ይህን ችግር አላየሁም። «ዋቃ» እና «ዋቃዮ» ሁለቱም የሕዝቡ ቃላት ናቸው። አያቴ ወንጌል ሳትሰማ በፊትም ትላቸው ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 በአውሮፓ አቆጣጠር ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲያሳትም ሕዝቡ የሚጸልይበትን ቃል ነው የወሰደው። ከዕብራይስጥ ቃል መበደር አላስፈለገውም። ስለዚህ «ያህዌ ካልተባለ ስሙ ጠፋ» የሚለው አይዋጥልኝም። ልዩነቱን በራስ ቋንቋ ማሳየት ይቻላል።

ከጀጎል፦
ሙስሊም ነኝ፤ ይህን ውይይት ደስ ብሎኝ ነው የምከታተለው። አንድ ነገር ብቻ። የአረብ ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት 1፥1 ላይ «አላህ» ነው የሚለው። በዚያ ባለ አራት ፊደል ስም ቦታ ደግሞ «አር-ረብ» ይላል። ይህን ስናገር እዚህ ሐረር ብዙ ክርስቲያን ጓደኞቼ ይገረማሉ። ወላሂ እውነት ነው።

በእኛ በኩል ቁርኣን ሱረቱል ኢስራእ 110 ላይ አላህን ጥሩ ወይም አር-ረሕማንን ጥሩ፣ በየትኛውም ብትጠሩት መልካም ስሞች አሉት ይላል። ለእኛ ግን «አላህ» የሚለውን ወደ ሌላ ቃል ቀይሮ መስገድ የለም። ስለዚህ የገንደቆሬው ወንድም ስሙ ይጠበቅ ሲል ስሜቱ ይገባኛል።

የገንደቆሬ ወንድም፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። መምህር ከግሪኩ ተረጎሙ ላሉት ልመልስ። የግሪኩ ጥንታዊ ቅጂ ሁሉ «ኪርዮስ» አይልም። ግብፅ የተገኘ የዘዳግም ፓፒረስ፣ ማለትም በደንገል ላይ የተጻፈ ጥንታዊ ቅጂ፣ አለ፤ ፉአድ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ነው። ጽሑፉ ግሪክኛ ሆኖ ስሙ ጋ ሲደርስ በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ ስሙ በግሪኩ ቅጂ ውስጥም ይጻፍ ነበር።

መምህር ዘሐረር፦
ይህ እውነት ነው፤ ጥሩ አመጣህ። ግን እናንተ ከዚህ ተነሥታችሁ አዲስ ኪዳን ውስጥም ከ200 ጊዜ በላይ «ይሖዋ» አስገባችሁ። ከአዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች መካከል ያ ስም ያለበት አንድም አልተገኘም። አንድም! ወንጌላውያኑ «ኪርዮስ» ብለው ጻፉ። ተርጓሚ የሐዋርያውን ብዕር ማረም አይችልም። በዚህ ላይ አልለሳለስም።

ይልቅ ስሙ በአዲስ ኪዳን የት እንዳለ ልንገርህ። ራእይ 19 ላይ «ሃሌ ሉያ» አራት ጊዜ ተጽፏል። «ያህን አመስግኑ» ማለት ነው። «ያህ» የዚያ ስም አጭሩ ነው። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በዜማ «ሃሌ ሉያ» ስንል እናድራለን። ኤልያስ፣ ኢሳይያስ፣ ዘካርያስ የሚባል ልጅ የሌለበት ሰፈር አለ? መጨረሻቸው ላይ ያለው ያው ስም ነው። «ኤልያስ» ማለት «አምላኬ ያህ ነው» ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ትናንት ማታ ሁላችሁም ያላችሁትን ይዤ እናቴ ጋ ተቀመጥኩ። ሁለት ቦታ አነበብኩላት።

አንደኛው ዘፍጥረት 22፥14 ነው። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ በወጣበት ተራራ ላይ ቦታውን «ያህዌ ይርኤ» ብሎ ጠራው ይላል። በዚያው በ1954ቱ፣ በእሷ መጽሐፍ! ስንት ዓመት አንብባዋለች። የቦታ ስም ብቻ ይመስላት ነበር።

ሁለተኛው መምህር ያስተማሩኝ ነው፤ በውስጥ መስመር ጠይቄያቸው ነበር። በግዕዙ ዳዊት 109፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 110 ነው። ግዕዙ «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ» ይላል፤ ጌታ ጌታዬን አለው። ማቴዎስ 22፥44 ላይ ጌታችን ይህንኑ ሲጠቅስ አማርኛውም «ጌታ ጌታዬን» ይላል። ፈሪሳውያንን አፋቸውን ያስያዘበት ጥያቄ ነው ይሄ። እናቴ ማቴዎስን ሰምታ «የቱ ጌታ ነው የቱን ያለው?» አለች። መዝሙሩን ገለጥኩላት። እዚያ አማርኛው «እግዚአብሔር ጌታዬን» ይላል። ዕብራይስጡ ላይ የመጀመሪያው ያ ስም ነው፣ ሁለተኛው «ጌታዬ» ነው። ፊቷ በራ።

ስለዚህ አቋሜን ቀይሬያለሁ። 6,800 ቦታ ላይ «ያህዌ» ይግባ አልልም። እናቴ ታሞ ለተኛ ሰው «እግዜር ይማርህ» ስትል ከአፏ የሚወጣውን ቃል የመንጠቅ መብት የለኝም። ነገሩ በስሙ ላይ የሚንጠለጠልባቸው ጥቅሶች ላይ ግን አንባቢው ሊነገረው ይገባል። በቅንፍ አይሁን፤ የሳቢያኗ እህቴ ትክክል ነሽ። ገጹ ግርጌ ላይ፣ በአማርኛ፣ በአንድ መስመር።

የገንደቆሬ ወንድም፦
ለእኔ ያንሳል። ግን ካለፈው እሑድ ይሻላል።

መምህር ዘሐረር፦
የግርጌ ማስታወሻውን እቀበላለሁ። እናትህስ ምን አሉ?

የከዚራ ልጅ፦
እርሳስ አምጣ አለችኝ። «ላዩ ላይ እንዳትጽፍ» ብላ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። መዝሙሩ ጎን «ይህውህ» ብዬ ጻፍኩላት። ዘፍጥረት 22 ላይም ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «እዚያማ ተጽፏል» አለች።