ክርክር፦ ክላውድ መከራየት ወይስ የራስን ሰርቨር መግዛት? ሌሊቱስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ትንሽ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የሚሠሩበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ይከራይ ወይስ የራሱን ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚያስኬድ ኮምፒውተር) ይግዛ? ክርክሩ የጋለው የሶፍትዌር ኩባንያው 37ሲግናልስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከክላውድ እወጣለሁ ካለ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ለክላውድ ያወጣው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቤተሰብ ያላችሁ መሥራቾች ምን ትላላችሁ?

መሥራች፦ እኔ አልወጣም። የክላውድ ኪራዩ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቱ ድሮፕቦክስ መረጃውን ወደ ራሱ ማሽኖች ሲያዛውር በሁለት ዓመት ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር አድኗል። ድሮፕቦክስ ግን ከ500 ፔታባይት (አንዱ ሚሊዮን ጊጋባይት ነው) በላይ መረጃና በተራ የሚያድር በቂ ባለሙያ ነበረው። እኛ ሦስት ሰዎች ነን። ሌሊት ዲስክ ቢበላሽ ሰርቨሮቹ ወደሚቀመጡበት ዳታ ሴንተር የምሮጠው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም እኔው ነኝ። ኪራዩን የምከፍለው ያንን ሌሊት ተኝቼ ለማደር ነው።

የሰርቨር ባለሙያ፦ ተኝቶ ማደሩን ተወው ወንድሜ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ክላውድ የሚያከራየው የአማዞን አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ አሳስቶ ጻፈና ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች ከሥራ ወጡ፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው የመረጃ ማከማቻ አገልግሎቱ ኤስ3 ለአራት ሰዓት ያህል ተቋረጠ። የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚያሳውቀው ገጽ ራሱ ኤስ3 ላይ የቆመ ስለነበር መቋረጡን እንኳ በወቅቱ ማሳየት አቃተው። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢደውልልህ ምን ትለዋለህ? የራሴ ሰርቨር ቢሆን ገብቼ አየዋለሁ። እጄ የማይደርስበት መረጃ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መሥራች፦ ፌስቡክስ? ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፋ ዳታ ሴንተሩም ኔትወርኩም የራሱ ነበር። መሐንዲሶቹ ቦታው ድረስ ሄደው እንኳ ጥበቃው ጥብቅ ስለሆነ ማሽኖቹ ጋ ለመድረስ ጊዜ ፈጀባቸው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም የክላውድ ክፍያውን ቢል ረሳችሁት። አማዞን ላይ መረጃ ማስገባት ነጻ ነው፤ ወደ ኢንተርኔት ማውጣት ግን በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ በአብዛኛው በጊጋባይት 0.09 ዶላር ይጠየቅበታል። ቪዲዮ የሚያሳይ ድርጅት ተመልካች ባገኘ ቁጥር ቢሉም አብሮ ይወጣል። አንድ ሰው ለሙከራ ከፍቶ ሳያጠፋ የረሳው ማሽን በወሩ መጨረሻ ሲታይስ? እሱም እንቅልፍ ይነሳል።

የሌላ መሥራች ሚስት፦ እኔ ቢሉን አላየውም፤ የማየው የባለቤቴን ስልክ ነው። እራት ላይ ስክሪኑ ወደ ላይ ሆኖ ሳህኑ አጠገብ ይቀመጣል። አገልግሎቱ ሲበላሽ የሚጮኸውን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ታናሿ ልጃችን ለይታ ታውቀዋለች፤ ሲጮህ ወሬዋን ራሷ ታቋርጣለች። ክላውድም ሰርቨርም ሞክረናል፣ ይህ አልተለወጠም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ ስለመዝጋት መብት ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አዛለች። ሕጉ ሠራተኛን ከአሠሪው ይጠብቃል። መሥራችን ከራሱ ማን ይጠብቀው?

መሥራች፦ እህቴ፣ ከተነሳው ሁሉ ይህ ይከብዳል። ለእኔ መልሱ ከደንበኛ ጋር በምንፈርመው ውል ውስጥ ነው። አገልግሎቱ ከጊዜው 99.9 በመቶውን ይሠራል ብለህ ከፈረምክ፣ ቢቋረጥ የሚፈቀድልህ በወር 43 ደቂቃ ያህል አለህ፤ ተነስተህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ላፕቶፕ ከፍተህ ትደርሳለህ። 99.99 ካልክ ያለህ 4 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ችግሩን እስኪያገኝ ያልቃል። ያን ቁጥር የፈረመ ሰው፣ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዲያድር ፈርሟል፤ ማን እንደሆነ ውሉ ላይ አይጻፍም እንጂ። ብዙ ጊዜ የሚነቃው መሥራቹ ነው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ቤቱ በሙሉ። እኛ ማስጠንቀቂያዎቹንም ለይተናል፦ ክፍያ ከቆመ ቀስቅሱኝ፤ ሪፖርት ከዘገየ ጠዋት ይታያል።

የሰርቨር ባለሙያ፦ በውሉ እስማማለሁ። በሰርቨሩ ግን አሁንም አልተስማማሁም፤ የሰርቨሮቹ የሥራ ጭነት ዓመቱን ሙሉ እኩል የሆነ ድርጅት ለምን እንደሚከራይ አይገባኝም።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ደንበኛው 99.99 ካልሆነ አልፈርምም ቢልስ?

መሥራች፦ የሌሊት ተረኞች ደሞዝ ዋጋው ላይ ይደመራል። አልከፍልም ካለ 99.9 ይፈርም ወይም ሌላ ዘንድ ይሂድ። እንዲህ ብዬ የሸኘሁት ደንበኛ አለ።