የልጄ የሆኪ ቡድን ኩቤክ ተጋበዘ፤ አባቱ ግን ገና አሳይለም ላይ ነው

የሴንት ፖል እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የ12 ዓመት ልጄ የሚጫወትበት የአይስ ሆኪ ቡድን ፌብሩዋሪ ላይ ኩቤክ ከተማ በሚደረገው የፒዊ ውድድር ተጋብዟል። ልጁ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ ፓስፖርት ግን አላወጣንለትም። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ማርች ላይ ያልቃል። የባለቤቴ የአሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ጉዳይ ገና ኢንተርቪው አልደረሰም። አባቱ መኪና ነድቶ ሊወስደን ይችላል? ልጆቹ በማናውቃቸው ሰዎች ቤት ያድራሉ ተብለናል፤ ይህስ የተለመደ ነው? ደግሞ ውድድሩ በእርግጥ ይህን ሁሉ ወጪ የሚገባው ነው ወይ? በዚያው ወር አገር ቤት ያለች የእህቴ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ይጠብቀናል።

ኦታዋ፣ የወረቀት ሰው

እህቴ፣ በባለቤትሽ ልጀምር፤ ትልቁ አደጋ እሱ ላይ ነው። አሳይለም ጠይቆ የሚጠብቅ ሰው አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። አንድ ቀን ይሁን አንድ ሰዓት ለውጥ የለውም። ፈቃዱ የሚጠየቀው በፎርም አይ-131 ነው፤ ወራት ስለሚፈጅ ለዚህ ፌብሩዋሪ አትቁጠሩበት። በዚያ ላይ ግሪን ካርድ የሌለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው 100 የካናዳ ዶላር ነው፣ አሻራው 85። ስለዚህ አይውጣ። «ጠረፍ ድረስ ልሸኛችሁ» እንዳይልም። ከመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ ወዲያ መዞሪያ የሌለባቸው መንገዶች አሉ፤ ሰው ሳያስበው ካናዳ ይገባል።

አንቺ ግን ትችያለሽ። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካናዳ ቪዛም ኢቲኤም (በኢንተርኔት የሚወጣ የጉዞ ፈቃድ) አያስፈልገውም። ሁለት ነገር ያዢ፦ ያላለፈበት ግሪን ካርድና ያላለፈበት ፓስፖርት። ካናዳ «ስድስት ወር ይቅረው» የሚል ሕግ የላትም፣ ማርች ላይ የሚያልቀው ለፌብሩዋሪ ይበቃል። ቢሆንም እድሳቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። እጅሽ ላይ ያለውን ፓስፖርት ግን ከጉዞው በፊት ለማንም እንዳታስረክቢ።

የልጁ ጉዳይ በመንገዱ ይለያያል። በመኪና ወይም በአውቶቡስ ከሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ አሜሪካዊ ልጅ በልደት ምስክር ወረቀት መመለስ ይችላል። በአውሮፕላን ከሆነ ፓስፖርት ግድ ነው። ለመጀመሪያ ፓስፖርት ፎርም ዲኤስ-11 ሞልታችሁ ልጁ፣ አንቺና አባቱ አብራችሁ መቅረብ አለባችሁ። አባቱ ካልተመቸው የስምምነት ፎርሙን ዲኤስ-3053 ሞልቶ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይፈርም፤ የመታወቂያውን ቅጂ የፊቱንም የጀርባውንም አያይዙ። ብዙ ሰው የጀርባውን ይረሳና ፋይሉ ይንጠለጠላል። ክፍያው 100 እና 35 ዶላር ሆኖ ሁለት ቦታ ይከፈላል።

አባቱ ስለማይሄድ የስምምነት ደብዳቤም ያዢ። የልጁ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን፣ አብሮት የሚሄደው ሰው፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚያድርበት አድራሻ፣ የአባቱ ስልክና የኖተሪ ማህተም ይኑርበት። ሕግ ባያስገድድም የጠረፉ መኮንን ሊጠይቅ ይችላል። ስልክ ደውሎ ሊያረጋግጥም ስለሚችል አባቱ በዚያ ሰዓት ስልኩን እንዳያጠፋ።

ሞንትሪያል፣ ሮዝሞንት

ወረቀቱን ወንድማችን ጨርሶታል። «ይገባዋል ወይ» ላልሽው እኔ ልመልስ።

ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የተጀመረው። ዤራር ቦልዱክና ጓደኞቹ ከኩቤክ የክረምት ካርኒቫል ጋር አያይዘው አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ በፌብሩዋሪ ይመጣሉ፤ በኮቪድ ምክንያት በ2021 ተሰርዟል። «ፒዊ» ማለት የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ምድብ ነው። የሚጫወቱት ግን በሰፈር ሪንክ (የበረዶ ሜዳ) ብቻ አይደለም። እስከ 2015 ድረስ ዋናው ሜዳ ኮሊዜ ነበር፤ የትልልቆቹ ባለሙያዎች ሊግ በሆነው ናሽናል ሆኪ ሊግ ውስጥ የነበረው ኖርዲክስ የሚጫወትበት ያው ቤት። አሁን ደግሞ 18 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ቪዴዮትሮን ሴንተር ነው። ኖርዲክስ በ1995 ወደ ኮሎራዶ ሲሄድ ከተማው ትልቅ ቡድኑን አጣ፤ የልጆቹ ውድድር ግን ቀረለት። ተመልካቹ እንዲህ የሚወደው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ ሜዳ ያለፉትን ደግሞ እዪ። ጊ ላፍለር ከትንሿ ቱርሶ መጥቶ በስልሳዎቹ መጀመሪያ እዚህ ሲጫወት ሕዝቡ ስሙን አወቀው። ከዚያ እዚያው ኮሊዜ ውስጥ ለኩቤክ የወጣቶች ቡድን ለረምፓርትስ ተሰልፎ በ1970–71 የውድድር ዘመን 130 ጎል አገባ፤ በ1971 የሞንትሪያል ቡድን የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎ ወሰደው። ዌይን ግሬትስኪ በ1974 ከብራንትፎርድ ቡድን ጋር መጣ፣ ያኔ ገና 13 ዓመቱ ነበር። ማሪዮ ለሚዩም ተጫውቷል። በ1984 ማኖን ሬዮም የምትባል ልጅ በረኛ ሆና ገባች፤ በዚህ ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት በረኛ ናት። ከስምንት ዓመት በኋላ በናሽናል ሆኪ ሊጉ የታምፓ ቤይ ቡድን የወዳጅነት ጨዋታ ላይ በር ጠበቀች። እዚህ ተጫውተው ናሽናል ሆኪ ሊግ የደረሱት ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጥቁር ልጆቻችን ይጠቅማልና። ዊሊ ኦሪ ናሽናል ሆኪ ሊግ ውስጥ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958፣ ለቦስተን። ቦስተን የጠራው ኩቤክ ኤሲስ ከሚባለው ቡድን ነበር፤ የኤሲስ ሜዳ ደግሞ ይኸው ኮሊዜ። ቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር፤ ይህን ደብቆ ነው የተጫወተው።

ዴንቨር፣ ጋሼ

እኔ የማስበው ሌላ ነው። እኛ ዱላና ሩር ከፈረንጅ አልተማርንም። ገና በደረሰ ቁጥር ሜዳው ላይ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆልማማ ዱላ ከዛፍ ተቆርጦ፣ ሩሩ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ፣ መንደር ከመንደር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚመታቱበት ነው። ክፍያ የለ፣ ሄልሜት የለ። አሁን ለአንድ ሳምንት ጨዋታ ሺህ ዶላር ይውጣ ሲባል፣ አገር ቤት ደግሞ አንዲት ልጅ በክፍያ ምክንያት ከትምህርት ልትቀር ነው ሲባል፣ ልቤ አይቀበለውም። የሙያ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ በዚህ ገንዘብ ያልፋል። ልጁ ባስኬት ይጫወት፤ አንድ ኳስና አንድ ጫማ ነው።

ካልጋሪ 403

ጋሼ፣ ለገና ያለዎትን ፍቅር እጋራለሁ። ሒሳቡ ላይ ግን አልስማማም። ልጁ የቡድኑ ተጫዋች ከሆነ ዕቃው ቀድሞ ተገዝቷል፤ አሁን የሚጨመረው ጉዞው ነው። የቡድን ወጪ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ለሚሆኑ ልጆች ይካፈላል። ሥራ አስኪያጁን ወጪውን በዝርዝር ጠይቂው፦ መመዝገቢያው ስንት፣ አውቶቡሱ ስንት፣ ጃኬቱ ግዴታ ነው ወይ። ጃኬትና ቦርሳ ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም፤ ወላጅ ግን አፍሮ ይከፍላል። ብዙ የሆኪ ማህበራት ለቤተሰብ የገንዘብ ድጋፍ አላቸው። ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ቀነ ገደቡም የሚያልፈው ክረምቱ ሳይገባ ነው።

ዕቃ ላይ የሚባክነውም ብዙ ነው። የሆኪ ስኬት (የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ) ከመንገድ ጫማ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ቁጥር ያንሳል። እናቶች «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር አስበልጠው ይገዛሉ፤ ቁርጭምጭሚቱ ውስጡ ሲወላገድ ልጁ ወደ ውስጥ ተንጋዶ ይንሸራተታል፣ ከዚያ «ልጄ አይችልም» ይባላል። ልጁ ጣቱ ጫፉን ነካ አድርጎ ይቁም፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ጣቱ ወደኋላ ይሸሽ፤ ያኔ ልኩ ነው። ዱላው ስኬት ሳያደርግ አፍንጫው ድረስ፣ ስኬት አድርጎ አገጩ ድረስ ይምጣ። ስኬት፣ የትከሻ መከላከያ፣ ሱሪ ያገለገለ ይገዛል። ሄልሜት ግን ያገለገለ አትግዢ። ከኋላው የተለጠፈው የሄክ (የሆኪ ዕቃ ደህንነት ማረጋገጫ) ተለጣፊ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ተኩል ሲሞላው ያልፍበታል። የአንገት መከላከያም ከኦገስት 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ግዴታ ሆኗል፤ ካናዳ ውስጥ ከዚያ በፊትም ነበር።

ጋሼ፣ ስለ ጉዳት ከሰጉ፣ በዚህ ዕድሜ በአካል መግጨት አይፈቀድም። አሜሪካ በ2011፣ ካናዳ በ2013 ከፒዊ ምድብ አውጥተውታል።

ዴንቨር፣ ጋሼ

ልጄ፣ ስለ ጉዳት አልተናገርኩም። የተናገርኩት ስለ አደራ ነው። ገንዘብ የላከ ሰው ቀሪውን እንደፈለገ ያድርግ። ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቅ።

ካልጋሪ 403

ቅደም ተከተሉን የሚያውቁት እሷና ባሏ ናቸው፣ ጋሼ። እዚህ የሚያድግ ልጅም አደራ ነው። የኮሌጁ ክፍያ በሁለት ተከፍሎ በሴሚስተር ሊላክ ይችላል፤ ልጁ ግን 12 ዓመት የሚሆነው አንዴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፒዊ አይደለም፣ ባንታም የሚባለው ቀጣዩ የዕድሜ ምድብ ነው።

ሞንትሪያል፣ ሮዝሞንት

ማደሪያው ሳይመለስ ቀረ። በሰው ቤት ማደር የዚህ ውድድር መሠረት ነው። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አንድ የኩቤክ ቤተሰብ ጋ ያድራሉ፤ ብዙዎቹ አስተናጋጆች ሆኪ የሚጫወት ልጅ ያላቸው ናቸው። ወላጆች ሆቴል ይይዛሉ። ቤተሰቡ ልጆቹን ወደ ሜዳ ያመላልሳል፣ ቁርስ ያበላል፣ ከሰዓት በኋላ ደጅ ባለ የበረዶ ሜዳ አብረው ይጫወታሉ። በ2023 የዩክሬን ልጆች ቡድን የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በጦርነቱ በየአገሩ የተበተኑ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ቪዛ ተጨርሶላቸው መጡ፤ ኩቤካዊው ሾን ቤሩቤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። በኩቤክ ቤተሰቦች ቤት አደሩ። ቪዴዮትሮን ሴንተር ውስጥ ሕዝቡ ተነስቶ እያጨበጨበ የቦስተንን ቡድን 3 ለ 1 አሸነፉ።

ይህም ሆኖ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ቡድኑን እነዚህን ጠይቂ፦ ቤተሰቡን ማን መረጠው፣ ቤት ውስጥ የሚኖሩት አዋቂዎች በሙሉ የወንጀል ታሪካቸው ተጣርቷል ወይ፣ ልጄ ከቡድኑ ከማን ጋር ይሆናል፣ ማታ ስንት ሰዓት እደውላለሁ። ልጅሽን ብቻውን አንድ ቤት አያስገቡት፤ ይህን አጥብቀሽ ያዢ። ቤተሰቡ ፈረንሳይኛ ብቻ ሊናገር ይችላል፤ የአለርጂና የመድኃኒት ወረቀት በፈረንሳይኛ ጽፈሽ ቦርሳው ውስጥ ክተቺ። የሜዲኬይድ (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሽፋን) ካርድ ካናዳ ውስጥ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ መቼስ፤ ለጉዞው ቀናት የጉዞ ኢንሹራንስ ግዢ።

የቡድኑን ፒን (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ አርማ) በብዛት አስይዢው። ልጆቹ በየአዳራሹ ኮሪደር ቆመው ፒን ይለዋወጣሉ፤ ኮፍያቸውና የአንገት ማንጠልጠያቸው በፒን ከብዶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሦስት ፒን ይዞ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ባዶውን ይቀራል።

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ

ስለ ጾሙ ማንም አላነሳም። አንዳንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ይገባል፣ ነነዌ ደግሞ ከዚያ በፊት። አስተናጋጁ «ሥጋ አይበላም» ቢባል አይብና እንቁላል ያቀርባል። «ቬጋን» በሉት፤ ፈረንሳይኛውም ያው ስለሆነ ቶሎ ይገባዋል። ለሙስሊም ልጆችም እንዲሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ረመዳን በዚሁ ሰሞን የሚውልበት ዓመት አለ።

ዴንቨር፣ ጋሼ

በቀን ሁለት ጨዋታ የሚጫወት የ12 ዓመት ልጅ ይጹም ነው የምትለው? ንስሐ አባቱ ይጠየቁ እንጂ።

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ

ጋሼ፣ ይጹም አላልኩም። ይጾማል ከተባለ እንዴት እንደሚነገር ነው የጻፍኩት። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚጾም ልጅ ስንት አለ። እንግዳ ቤት ሆኖ በግድ ቢበላ ለእሱም ይከብደዋል።

ዴንቨር፣ ጋሼ

ቄሱን ሳያማክሩ እንዲህ ማለት ትክክል አይደለም።

የሴንት ፖል እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የባለቤቴን ጉዳይ ተረድቻለሁ፤ ይቀራል። ለልጁ ዲኤስ-11 ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል፣ አባቱም አብሮን ይቀርባል። የቀረኝ አንድ ነው፦ አሠልጣኙ «ቡድኑ በሙሉ ቤተሰብ ቤት ያድራል፣ ማንም ለብቻው ሆቴል አይያዝም» ብሏል። ልጄን ከእኔ ጋር ሆቴል ላሳድረው ብል ከቡድኑ ያስወጣው ይሆን?

ካልጋሪ 403

አያስወጣውም ብዬ አልፈርምልሽም፤ የየቡድኑ ደንብ ይለያያል። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት በኢሜይል ጠይቂውና መልሱን አስቀምጪ። በቃል የተባለ ነገር ፌብሩዋሪ ላይ አይታወስም።

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ

ጋሼ ዴንቨር፣ እኔ ቄሱን አልተቃወምኩም። ከላይ የጻፍኩትን እንደገና ያንብቡልኝ።