ለትልቅ አምባዛ የሚሆን ማውጫ መረብ ጥቆማ (ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምታጠምዱ)

ጥያቄ፦
ሰላም የዲሲ አካባቢ አጥማጆች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሄንስ ፖይንት (ዲሲ ውስጥ ፖቶማክ ዳር ያለው) ላይ አንድ ብሉ ካትፊሽ ያዘልኝና (የኛ የአምባዛ ዘመድ በሉት) ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ታግዬ የወንዙ ዳር ግድግዳ ስር ካደረስኩት በኋላ መረቤ አልደርስ አለ፣ በክሩ ጎትቼ ላውጣው ስል በጥሶት ሄደ። ጓደኛዬ ደግሞ ሲቀርጽ ነበር፣ ይኸው ቪዲዮውን አገር ቤት ያለው ዘመድ ሁሉ እያየ ይስቅብኛል 😂 አሁን ደህና መረብ ልገዛ ነው፣ በጀቴ እስከ 100 ዶላር። የመረቡ አፍ ስንት ኢንች ቢሆን ይሻላል? የቱን ትላላችሁ?

መልስ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም። ስለ አፉ ስፋት ከመጠየቅህ በፊት ግን የት ቆመህ ነው የምታጠምደው የሚለውን አስብ፣ ያንን አሳ ያሳጣህ እኮ የእጀታው ማጠር ነው። ሄንስ ፖይንት ጋ ወንዙ ታይድ አለው፣ በቀን ሁለቴ ወደ 3 ጫማ ይሞላል ይጎድላል፣ ስለዚህ ጠዋት በቀላሉ የደረሰልህ መረብ ውሃው ሲወርድ አየር ላይ ይንጠለጠልብሃል። ለዛ ቦታ ቢያንስ 6 ጫማ እጀታ ያስፈልግሃል፣ 8 ብታገኝ ደስ ይላል። ከሱ ከፍ ያለ ድልድይ ወይ ፒር (ውሃው ላይ የተዘረጋ መድረክ) ላይ ከሆንክ ደግሞ እጀታውን ተወው፣ በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ አለ፣ ፒር ኔት ብለህ ፈልገው፣ ርካሽ ነው።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ኦንላይን 30 ዶላር የማይሞላ ታጣፊ ነበር (ስሙ ይቅር)፣ ፎቶው ላይ ያምራል፣ ሁለተኛው አሳ ላይ ቀለበቱና እጀታው የሚጋጠሙበት ፕላስቲክ ቀጭ አለ። ጥፋቱ ግማሹ የኔም ነው፣ እንደ አካፋ ነው ያነሳሁት። ምንም ጎበዝ መረብ ቢሆን 30 ፓውንድ ነገር ጫፉ ላይ ጭነህ አግድም ካነሳኸው ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰበራል። አሳው ሲገባልህ እጀታውን ቀጥ አርገህ አቁመውና ወደ ላይ ሳበው፣ ቀለበቱ ሲደርስልህ ቀለበቱን በሁለት እጅህ ያዝ።

ከዛ የመረቡ ዓይነት ነው፣ እዚህ ላይ ገንዘብህን አትቆጥብ። ብሉ ካትፊሽ ጀርባው ላይና ጎንና ጎን ክንፎቹ ላይ እሾህ አለው፣ እሾሁ ራሱ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ባለ ቋጠሮ ተራ ናይለን ውስጥ ከገባ ቆመህ በመቀስ ስትቆርጥ ነው የምታመሸው፣ መንጠቆው ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። በዛ ላይ ቋጠሮው የአሳውን ልጋግ ይልጠዋል፣ መልሰህ የምትለቀው ከሆነ ያ ልጋግ ከበሽታ መከላከያው ነው። በጎማ የተለበጠ መረብ ውሰድ። ሙሉ በሙሉ ጎማ የሆነው ግን ለዚህ ሥራ ይከብዳል፣ ውሃው ሲጎትተው እጅህን ይጨርሰዋል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ 40 ኢንች የሚሆን ብሉ ካትፊሽ ወደ 30 ፓውንድ ነው፣ ለሱ አፉ ከ30 ኢንች ባያንስ፣ ከረጢቱም ጠለቅ ያለ ይሁን። ከረጢቱ ጎድጓዳ ካልሆነ አሳው አንዴ ጭራውን ሲያማታ ተገልብጦ ይወጣል። ሜሪላንድ የተመዘገበው ሪከርድ እኮ 84 ፓውንድ ነው፣ 2012 ከዚሁ ከፖቶማክ የወጣ፣ ያ ከመጣልህ መረብ ሳይሆን ሰው ጥራ።

እኔ አሁን ያለኝ ፍራቢል ኮንሰርቬሽን የሚባል መረብ ነው፣ የጎማ ልባጡ ጥሩ ነው፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን ትልቁ ሳይዝ ከበጀትህ ያልፋል። ባንተ በጀት እንግሊዞች ለካርፕ አሳ የሚጠቀሙበትን ባለ 42 ኢንች፣ ሁለት ክንድ ያለውን ሦስት ማዕዘን መረብ ነው የምልህ። ብዙውን ጊዜ ከ6 ጫማ እጀታ ጋር ነው የሚሸጠው፣ ተጣጥፎ ይገባል፣ ዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው ለዋጋው የሚስተካከለው አላየሁም። አንድ ችግር አለው፣ መረቡ ለስላሳና ደቃቅ ስለሆነ እሾሁ ይይዝበታል፣ ቀስ ብለህ ማላቀቅ ነው። ከመግዛትህ በፊት አሩንዴል ሚልስ የገበያ ማዕከል ያለው ባስ ፕሮ (የአጥማጅ ዕቃ ሱቅ) ሂድና እጀታዎቹን ዘርግተህ ነቅንቃቸው፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ የሚወላገድ ከሆነ ውሃ ላይ አታምነውም።

ሌላ መልስ፦
እኔ ከካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) ነው የማጠምደው፣ ከላይ ያለው ወንድማችን ያለው ረጅም እጀታ ካያክ ላይ መከራ ነው፣ ከ2 ጫማ ብዙም የማይበልጥ በቂ ነው፣ የሚንሳፈፍ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ አንዱን አሳው ይዞብኝ ወርዷል። ትልቅ ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ስቶውማስተር የሚባለውን መረብ እዩ፣ ታጥፎ ጥግ ይገባል።

አወጣጡ ላይ ልጨምር፣ አሳውን በጭራው በኩል አትከተሉት፣ መረቡን ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ደክሞ ሲመጣ በጭንቅላቱ በኩል አስገቡት። አሳውን እያሯሯጡ የሚጨልፉ ሰዎች አሉ፣ ክሩን በመረቡ ቀለበት መትተው የሚበጥሱት እነሱ ናቸው። ትልልቆቹን ለምግብ ከመውሰዳችሁ በፊትም ከተማው አሳ ስለ መብላት ያወጣውን መመሪያ አንብቡ፣ ብሉ ካትፊሽ ባደገ ቁጥር ሰውነቱ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያከማቻል፣ ለወጥ ትንንሾቹ ይጣፍጣሉም። ሄንስ ፖይንት የዲሲ ውሃ ስለሆነ የዲሲ ፈቃድ ያዙ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! ባስ ፕሮ ሄጄ ነቀነቅኩ፣ ሻጩ በጥርጣሬ ሲያየኝ ነበር 😂 መጨረሻ ላይ የካርፑን 42 ኦንላይን አዘዝኩ፣ ከነእጀታው 60 ዶላር አልሞላም። ያ ቪዲዮ የቀረጸውን ልጅ ደግሞ መረብ ያዥ አርጌዋለሁ፣ ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ ነው የሚመጣው።